«ኢ»ን አትንኩ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 3 ሰዓት።

ዛሬም ላፕቶፕ ኮምፒውተራችንን ለቀቅኩለት። የምሠራላቸው የሽሮ ሜዳ ሱቆች ሒሳብ ግማሹ ላይ ቆሟል። ይቁም። ባለቤቴ ሰለሞን ድምፁን ሲቀርጽ መኝታ ቤት መግባት ክልክል፣ ድስት ማንኳኳት ክልክል፣ ብሌንን ማስለቀስ ክልክል። ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ሸማኔው ጎረቤታችን ጋሽ ቶማ ሥራውን ያቆማል። ሲጨርስ ደግሞ መታ፤ ጋሽ ቶማ ይቀጥላል። ሰውየው የሚኖረው በሠራው ልክ ነው፤ አንድም ቀን አላጉረመረመም። እኔ ግን የገዛ ባሌ ሆኖ አጉረመርማለሁ። ምን ላድርግ፣ ሳልተኛ ስነሳ እንዲህ ነኝ።

የሚቀርጸው ለልጃችን ነው። ብሌን አራት ዓመቷ ነው፤ ከአፏ «ለምን» አይጠፋም። እንጨት የሚሸከሙት እናቶች ለምን ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ? ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? አያቴ ለምን ሞተች? ለአንድ ጥያቄ አንድ ቅጂ። ነገ ከነገ ወዲያ፣ ትልቅ ስትሆን የምትጠይቀውንም እየገመተ ይመልሳል።

ምክንያቱም ሐኪሙ ማንቁርቱን ሊያወጣው ነው። ካንሰር። ከዚያ በኋላ በመሣሪያም፣ በልምምድም የሆነ ዓይነት ንግግር ሊኖር ይችላል ብለውናል። ይሄ ድምፅ ግን አይኖርም። አሁንም ሻክሯል። ትንሽ ያወራል፣ ያርፋል፣ ውኃ በማንኪያ፣ ደግሞ ያወራል።

ቀጠሮውን አንዴ አራዝሟል፤ ቅጂው አላለቀም ብሎ። ዶ/ሩ ተቆጣ። ሁለተኛ ብታራዝም ቢላውም አይረዳህም አለው ቁርጡን። እባጩ የሰለሞንን ቅጂ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውማ።

አንቺ ደብተር፣ ይሄን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለነው አንድ በሽተኛ፣ አንድ ሕፃን፣ አንድ ነጭናጫ።


ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት።

በኮምፒውተሩ ተጨቃጨቅን። እኔ በጩኸት፣ እሱ በሹክሹክታ። ከማይጮኽ ሰው ጋር መጨቃጨቅ እንዴት ያናድዳል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ፣ ውስጡ ግን ሁለት ቤት። የእኔው ዊንዶውስ ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራሜ የሚሠራው በሱ ብቻ ነው። የሱ ሊኑክስ። ቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ነውና፣ «የናንተ ሰፈር ቫይረስ እኔ ጋ አይገባም» ይላል። ሲከፈት የትኛው ቤት ትገባላችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ መርጠን እንገባለን። ዲስኩን ለሁለት ከፍሎታል፤ ቅጂዎቹ በሱ ክፍል ናቸው።

ታዲያ የሱ ክፍል በእኔ በኩል «ኢ» የሚል ዲስክ ሆኖ ይታያል። አይከፈትም። የእኔው ወገን የሱን አጻጻፍ ማንበብ አይችልም፤ ስላልቻለ ደግሞ ባዶ ይመስለዋል። ብነካው «ፎርማት ላድርገው?» ይለኛል። ላጥፋውና እንደ አዲስ ልጀምረው ማለቱ ነው። እሺ ካልሽው አለቀ አለኝ ሰለሞን።

ታዲያ ለምን ይታያል? አልኩት። «ኢ» የሚለውን ፊደል ማንሳት ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ አንቺ ጋ ጭራሽ አይታይም፣ ማንም ሊነካው አይችልም፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው አለ። አድርገዋ! ነገ። ነገ ይላል ሁልጊዜ። ያለችውን ጉልበት ቅጂው ላይ ነው የሚጨርሳት።

ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገው አልኩት። ሲያልቅ በአንድ ላይ፣ በአዲስ ዲስክ አለ። የተጋመሰ ነገር አልሰጣትም አለ። በስልክስ ለምን አትቀርጽም? ስልክ ታክሲ ውስጥ ይሰረቃል።

በመጨረሻ ምን አደረገ? ከሆ/ል የተሰጠንን የቁስል ፕላስተር ቆረጠ፣ በማርከር «ኢን አትንኩ» ብሎ ጻፈና ከስክሪኑ ሥር ለጠፈው። የኮምፒውተር መምህሩ ጥበቃ ይሄ ነው። ሳቅኩኝ። እሱም ሳቀ፤ ከሳቁ ሳል መጣ፣ ከሳሉ በኋላ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ደም እንደሆነ አውቃለሁ። እንዳላየሁ ሆንኩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6።

ከሆ/ል ተደወለ። ሰኞ ይግባ፤ ለምርመራ ጥቂት ቀን ያስተኙታል፣ ከዚያ ወደ ቤት፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ቢላው።

ወሬው እኔ ስልኩን ሳልዘጋ ሰፈሩን ያዳረሰ ይመስለኛል። ነገ ጠያቂ ሊጎርፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ስጠርግ፣ ስወለውል፣ ብርጭቆ ሳጥብ። ኮምፒውተሩንም ወለወልኩት። ያ ፕላስተር ጠርዙ ጠቁሮ፣ ፀጉር ይዞ፣ አስቀያሚ ሆኗል። ሳሎን መሐል የቁስል ፕላስተር! ላጥኩና ጣልኩት። ሰኞ ንጹሕ ወረቀት እለጥፋለሁ።

እትዬ አስካለም ከሸጎሌ ይመጣሉ። የሰለሞን ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አንድ መ/ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የሚሉት የማይታጠፍ። ቢላ አይፈልጉም። እንጦጦ ጸበል ይጠመቅ ነው የሚሉት። ሰለሞን ያለሳቸው ምርቃት ለቢላው ፈርሞ አይገባም፤ በአፉ አይለውም እንጂ ያለፈውን ቀጠሮ ያራዘመው ለቅጂው ብቻ አልነበረም።


እሑድ፣ ኅዳር 7። አመሻሽ።

ሄዱ። እግሬ አልቋል።

የዕድሩ ወንበር ሁሉ ሞልቶ ነበር። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጁስ። ማጽናናት አያውቁበትም፤ ወይ የኔ ጆሮ ነው። አንዷ በዚሁ በሽታ ስለሞተ አማቿ አወራች፤ ሌላው በዚሁ ስለሞተ አለቃው። ሰለሞን ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ብሌን ጉልበቱ ላይ ተኝታለች።

እትዬ አስካለ ስለ ፈውስ የተሰበከ ስብከት በፍላሽ ይዘው መጥተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ይከፈት አሉ። የኔን ሒሳብ ዘግተው ይክፈቱት አልኳቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ኪቦርድ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ወጥ ቤት ሽሮው ሊገነፍል። ትንሽ ቆይቶ ከሳሎን እልልታ። ስብከቱ ደርሶላቸዋል ብዬ ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ሲወጡ እቅፍ አድርገው ሳሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የደስታ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስጦታ ትቼላችኋለሁ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8።

ጠዋት አስገባሁት። አልጋው መስኮት አጠገብ ነው። ጥሩ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ተመልሼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ያደረ ሒሳብ ላነሳ። ጥቁር። የትኛው ቤት ትገባላችሁ የሚለው ጥያቄ የለም። ጥቁር ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ መስመር፣ ከሥሩ ብልጭ ድርግም የሚል ሰረዝ። አጠፋሁ፣ ከፈትኩ። ያው። ሰለሞን አንዴ ያሳየኝን ዘዴ አስታወስኩ፤ ሲነሳ አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን። በእኔው በር ገባሁ። የእኔ ሁሉም ደህና ነው። ሒሳቡ አለ። አንድ ቁጥር አልጎደለም።

«ኢ»ን አየሁት። እጄ ሄደበት።

ተከፈተ።

ተከፍቶ አያውቅም። ውስጡ ስብከት። መዝሙር። ስብከት። «ለወንድሜ» የሚል አቃፊ።

 ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ምን እንዳደረጉ ቀስ ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸው ለመናገር ቸኩለዋል፤ ወጥ ቤት ስለነበርኩ ተአምሩ ያመለጠኝ መስሏቸው። ፍላሻቸውን ሲከፍቱ «ፎርማት ላድርገው?» አላቸው። ሸጎሌ ስልክ ሠሪዎቹ የታመመ ስልክ ሲመጣላቸው ፎርማት ያደርጉታል፣ ይድናል። የሳቸውም ስልክ በዚያው ነው የዳነው። እሺ አሉት። እርግጠኛ ነዎት? አላቸው። እሺ። ሲጨርስ ቢከፍቱት ባዶ። ስብከቴ ሁሉ ጠፋ ብለው ክው አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው ሲያዩ በሌላ ፊደል ሌላ ዲስክ።

«ሁሉም አለ! አንድ ሳይጎድል! ታጥቦ ተመለሰልኝ፣ የኔ ልጅ። የነበሩት ሁሉ እልል አሉ እኮ። እኔም ባዶው ላይ ገለበጥኩለት፣ ወንድሜ ሁልጊዜ እንዲሰማው።»

እሺ እትዬ አልኩና ዘጋሁ።

አጠፋችው። ባሌን አጠፋችው፤ አጥፍታ ደግሞ በላዩ ላይ ስብከት ከመረችበት። ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ ሁለት ጊዜ እሺ አለች። እሷ አልኩ። አንቱታው ዛሬ ከእጄ አልወጣ አለኝ። ደብተር ላይ ነው፣ ማን ያየኛል።

ያ ፕላስተር ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነው። አየሁት። ክዳኑን ገጠምኩት።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

ስድስት ኪሎ፣ ጥገና ቤት። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር አለ? ብሎ ነው የጀመረው። እኔ አልነካሁትም አልኩ። ፎርማቱ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረም አለ። ፎርማቱ የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ነገሩ ሥሩ ተቀምጦ ይቆያል፣ ተፈልጎ ይወጣል። በላዩ የተገለበጠበት ግን አይመለስም። ምን ያህል ነው የተገለበጠው? ቪዲዮ ነው አልኩት። ብዙ? ብዙ።

ሐሙስ ነይ አለኝ። ደግሞ ጨመረልኝ፤ ፊደሉን አንስታችሁት ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በጥፊ ላጮለው ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ሆ/ል። ሰለሞን ደህና ነው፤ ምርመራው አድክሞታል። በሹክሹክታ ነገረኝ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ቀርቶታል። «አባዬ ለምን አይናገርም?» የሚለውን። ዓርብ ሲወጣ ይቀርጸዋል፣ አለቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ምን እንደሆነ ላንቺ መጻፍ አልችልም። ዕዳውን የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

ጥሩ ነው አልኩት። አልጋውን አስተካከልኩ። ምንም ያልተጣመመ አልጋ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11።

የተረፈው ይሄ ነው። ቁርጥራጭ። ስም የለው፣ ተራ የለው። ጥገና ቤቱ ሰውዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። «ብሌንዬ፣ እንጨት የሚሸከሙት እናቶች ጎንበስ ያሉት...» እና ጩኸት። ብረት በብረት ሲፋቅ የሚወጣ ዓይነት። ጎንበስ ያሉት ለምን? አልሰማሁም። ማንም አይሰማም። ሌላው፦ «ይሄን ስትሰሚ እኔ...» ጩኸት። ሳይቆረጥ ሙሉ የተረፈ አንድ አለ፤ እሱ ሳል ነው። ሳል፣ ማንኪያ፣ ውኃ ሲውጥ፣ ሳል። የጨረቃው የለም። የአያቷ የለም።

ሰውየው ወደ ውጭ ወጥቶ ቆመ። ሲመለስ በእኔ በኩል ፊደሉን አንስቶልኝ፣ የሱን ክፍል ደብቆ ሰጠኝ። አሁን ማንም አይነካውም። ምኑን?

ከዚያ ሸጎሌ። ልጮህባቸው ነው የሄድኩት፤ ሚኒባስ ውስጥ የምለውን ስደረድር። ስድብም ነበረበት። ገባሁ። አፌን ሳልከፍት እጄን ያዙኝና አስቀመጡኝ። ዛሬ ጠዋት ሆ/ል ሄደው ነበር። ለሰለሞን ነግረውታል፦ ምልክት ተሰጥቶኛል፤ የጠፋ የመሰለው ፍላሽ እንደተመለሰ አንተም ከቢላው ሥር ትመለሳለህ፤ ግባ፣ ፈርም፣ መርቄሃለሁ። ወዲያው ፈረመ።

ውኃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ስንት ወር የለመንናቸውን፣ ዶ/ሩ የለመናቸውን፣ ፎርማት ጨረሰው።

ተሰናብቼ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ በግ የያዙ ነጋዴዎች ሲስቁ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

አሁን አስቢልኝ፣ ደብተር። ለእትዬ አስካለ ብነግራቸው ምልክቱ ይፈርሳል፤ ምርቃቱም አብሮ። ለሰለሞን ብነግረው ድጋሚ ልቅረጽ ይላል፤ ያራዝማል። አውቀዋለሁ፣ ያራዝማል። ዶ/ሩ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል። ድምፁን መርጬ እሱን ልቅበር? አልነግርም። ከቢላው በኋላ እስኪድን ድረስ ማንም አይሰማም። ባሌ በሕይወት ይኑርልኝ፣ ሌላው ይቅር።


ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ጭስ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰዉ ቆሻሻውን አውጥቶ እያቃጠለ ጉለሌ በጭስ ታፍኗል፤ የእንጦጦ ጫካ አይታይም። የጉሮሮ በሽተኛ ወደ ቤት የሚመለስበት ቀን! የመስኮቱን ስንጥቅ በእርጥብ ነጠላ ወተፍኩ። እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ በመሐረብ አፍንጫውን ይዟል።

ኮምፒውተሩን አለ በእጁ። ቻርጀሩ ተቃጠለ አልኩት፤ ጥገና ቤት ነው፣ እስከ ሰኞ አይደርስም። ፊቴ ሳይቀላ ነው የዋሸሁት። ትንሽ አሰበ። ትቶታል፣ ያቺ አንዷ ትቅር አለኝ በሹክሹክታ። ሌላው በቂዋ ነው። ሁሉም አለላት።

ዶ/ሩ እስከ ቀዶ ጥገናው እንዳትናገር፣ ጉሮሮህን አሳርፍ ብሎታል። እስከ ዛሬ ያልታዘዘውን ዛሬ ይታዘዛል። ምን ቸገረው፤ የሚያወራውን አውርቶ አስቀምጧል። ከምሳ በኋላ ትንሽ ነጭ ቦርድ አምጪልኝ ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።

ጋሽ ቶማ በሚቀረጽበት ሰዓት ማንም ሳይነግረው ሥራውን አቆመ። ጸጥ አለ። ሰለሞን ግድግዳውን አየና ፈገግ አለ። ማንም አይናገርም፤ ጋሽ ቶማም ይጠብቃል። እኔ ወደ ጭሱ ወጣሁ።


እሑድ፣ ኅዳር 14። ቅበላ።

ነገ ጾም ይገባል። ከየቤቱ የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ። እሱ መረቅ፤ እሱንም እያረፈ።

እንዲህ አደረግኩ። ስልኬን መቅረጫው ላይ አድርጌ ትራሱ ሥር ደበቅኩት። ብሌንን አጠገቡ አስቀመጥኳት። ያው ትጠይቀዋለች፣ ሳያስበው አንድ ነገር ይመልሳል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ባገኝ ብዬ። ጠየቀችው። ደጋግማ ጠየቀችው። አባዬ ለምን ዝም ትላለህ? ጉንጯን ይዞ ሳማት። ቦርዱ ላይ ኮምፒውተር ሣለላት፤ ከውስጡ አፍ። ውስጡ ነው ያለሁት ማለቱ ነው። ሳቀች። ገባት።

ኋላ ወጥ ቤት ቆሜ ቅጂውን ሰማሁት። ማንኪያ። የብሌን ሳቅ። የማርከር ፍቅፍቅታ። ትንፋሹ።

ተመልሼ ገባሁ፤ ልነግረው። እውነቴን ነው፣ ልነግረው ነበር። ሶል፣ አልኩት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እሽሽ አለኝ፤ ብሌን ደረቱ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ቆምኩ። ስትነሳ እነግረዋለሁ አልኩ። ስትነሳ እትዬ አስካለ መጡ። እሳቸው ሲሄዱ ደግሞ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እየከተትኩ ነበር። ሰበብ አይጠፋም።

አሁንም ትክክል ነኝ ብዬ እጽፋለሁ። ቢነገረው ያራዝም ነበር። ያራዝም ነበር። ሁለቴ ጻፍኩት።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ሆ/ል፣ ኮሪደር።

ገብቷል። ከእትዬ አስካለ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ። እሳቸው ዳዊት ይደግማሉ፤ በግራ እጃቸው የኔን እጅ ይዘዋል።  መጥላት እንዴት ከባድ ነው እጅሽን ይዘው ሲጸልዩ።

ሲገባ ምንም አልተናገረም። ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ። የመጨረሻ ድምፁ «እሽሽ» ነበር። ይሄን አሁን ስጽፈው ነው ያወቅኩት።

ከሰዓት። ወጣ። ሁሉንም አውጥተነዋል፣ ጥሩ ሄዷል አለ ዶ/ሩ። እትዬ አስካለ ወለሉን ሳሙ። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ደስ ብሎኛል። ተርፏል፣ ደስ ብሎኛል፣ ይሄ ውሸት አይደለም።


ዓርብ፣ ኅዳር 19። ሆ/ል፣ ከክፍሉ በር ውጭ።

አንገቱ ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ ቱቦ። ሲያስል ድምፅ የለውም፤ አየር ብቻ። ትናንት ነቅቶ ተቀመጠ። ቦርዱን ጠየቀ። የጻፈው፦ ብሌን እንዲህ ሆኜ ስታየኝ ትፈራለች። መጀመሪያ ድምፄን አሰሚያት፤ የእንጨቱን። ከዚያ አምጪያት። ኮምፒውተሩንም አምጪልኝ፣ እኔም ልስማ።

እሺ አልኩት። ይሄው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከነቁርጥራጩ፣ ከነጩኸቱ።

እንግዲህ ይጠይቀኛል። ማን አጠፋው? ብሎ ይጽፋል። በታክሲ ስመጣ መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ እትዬ አስካለ ነች፣ ፎርማት ያድናል ብላ። ይሄን ቃል ስንት ቀን አፌ ውስጥ ይዤው ዞርኩ! አንዴ ብለቀው ይቀለኛል ብዬ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ሌሊቱን አብረውት አድረው፣ ቱቦውን እንዴት እንደሚያጸዱ ከነርሷ ተምረው። ሳይጸየፉ ያጸዱለታል። እኔ ገና እጄ አልደፈረም። በይ ግቢ፣ ይጠብቅሻል ብለውኝ ሄዱ።

ስለራሩልኝ አይደለም የማልናገርባቸው። ሲቆጠር እውነቱ ሌላ ሆኖ ስለመጣ ነው። እሳቸው ያጠፉት ዲስኩን ነው፤ ሳያውቁ። ዓርብ ቅዳሜ እሑድ ግን ድምፁ አንገቱ ውስጥ ነበር። ቤታችን፣ አልጋችን ላይ፣ ልጁ አጠገብ። የእንጨቱን እንደገና ሊመልስላት ይችል ነበር፣ የጨረቃውንም። ሳያራዝም እንኳ ይችል ነበር፤ በስልክም ቢሆን። ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ያለው ሁሉም አለላት ብዬ ስላሳመንኩት ነው። እያወቅኩ። አንድ ቃል ብናገር ይመርጥ ነበር፤ እኔ መረጥኩለት። ምናልባት ድጋሚ ቢሆንም ያንኑ እመርጥ ይሆናል፣ በሕይወት ስላለ። አላውቅም። ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ነርሷ በሩን ከፈተች። የሰለሞን ቤተሰብ አለች።

ማን? ሲለኝ፣ እኔ እለዋለሁ። ሌላ ስም አልጨምርበትም። ከዚያ ቦርዱን ይዤ እጠብቃለሁ፤ የፈለገውን ይጻፍ።